መልኩ ተሻግሮ ፊደሉ የቀረበት ዘመን፦ የመገልበጥ ታሪክ በደሴና በኮምቦልቻ

ኮምቦልቻ ላይ በአሮጌ ፎንት የተጻፈ ደብዳቤ በፍላሽ ተይዞ የሐረጎን ዳገት ይወጣና ደሴ ላይ በሌላ ኮምፒውተር ሲከፈት አማርኛነቱ ጠፍቶ ይገኛል። በፊደሎቹ ቦታ የላቲን ሆሄያት፣ ቅንፍ፣ የዶላር ምልክትና ሰረዝ ተደርድረዋል። ደብዳቤው በትክክል በሚነበብበት ኮምፒውተር ላይ እንኳ ጸሐፊዋ አንዱን አንቀጽ ኮፒ አድርጋ ኢሜይል ላይ ፔስት ስታደርገው ያው ነገር ይደገማል። በደሴ ፒያሳም ሆነ በኮምቦልቻ ዋና መንገድ ዳር ባሉ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤቶች፣ በቀበሌና በወረዳ ጽሕፈት ቤቶች፣ የመመረቂያ ጽሑፍ በሚያዘጋጁ ተማሪዎች ዘንድ ይህ ለዓመታት የዕለት ተዕለት ጣጣ ሆኖ ኖሯል። «ፎንቱ እምቢ አለ» ወይም «ቫይረስ በላው» ተብሎ ይታለፋል፤ ጽሑፉም እንደ አዲስ ከመጀመሪያው ይተየባል። ጣጣው ግን የቫይረስም የጸሐፊዋም ጥፋት አይደለም፤ ታሪክ የወለደው ነው። ጽሑፍን ቆርጦ የመለጠፍ ዘዴ ወደ አማርኛ የደረሰው እያንዳንዱ የአማርኛ ፊደል በኮምፒውተር ዘንድ የራሱ ቋሚ መለያ ከማግኘቱ በፊት ነው። በመካከል ባሉት ዓመታት ስንገለብጥ የኖርነው የፊደሉን መልክ እንጂ ፊደሉን አልነበረም። ይህን ለመረዳት ከደቡብ ወሎ የተሻለ ቦታ አይገኝም፤ በዚህ አካባቢ መገልበጥ ከ700 ዓመት በላይ የተከበረ ሙያ ሆኖ ኖሯልና።

ከደሴ ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ የሚገኘው ሐይቅ እስጢፋኖስ በኢትዮጵያ የመጻሕፍት ታሪክ ውስጥ ስሙ ከፊት የሚጠራ ገዳም ነው። አባ ኢየሱስ ሞዐ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ ገዳሙን ካቀኑት በኋላ ቦታው የትምህርትና የመጻሕፍት ማዕከል ሆነ፤ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም እዚያ እንደ ተማሩ ገድላቸው ይናገራል። አባ ኢየሱስ ሞዐ ለገዳሙ የሰጡት አራቱ ወንጌል እ.ኤ.አ. በ1280/81 የተጻፈ ሲሆን፣ የተጻፉበት ዘመን በራሳቸው ላይ ሰፍሮ ከሚገኝ የኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍት መካከል ከቀደምቶቹ አንዱ ነው። በውስጡ ከወንጌሉ ሌላ ለገዳሙ የተሰጡ መጻሕፍት ዝርዝርና በየዘመኑ የተጨመሩ ማስታወሻዎች ይገኙበታል። አንድ የወንጌል መጽሐፍ በባዶ ቅጠሎቹ ላይ የገዳሙን መዝገብ ይዞ መኖሩ በአገራችን የተለመደ ነበር፤ የርስት፣ የስጦታና የስምምነት ጽሑፍ ከማይጠፋው መጽሐፍ ጋር እንዲቆይ እዚያ ይሰፍራል። እንዲህ ያለ የመጻሕፍት ክምችት በመገልበጥ ካልሆነ በሌላ መንገድ አይገኝም ነበር። ማተሚያ ቤት ባልነበረበት ዘመን አንድ መጽሐፍ ከሐይቅ ወደ ሌላ ደብር የሚደርሰው ቁም ጸሐፊ ተቀምጦ ፊደል በፊደል ሲቀዳው ብቻ ነው።

የቁም ጸሐፊው ሥራ አድካሚ ነበር። የፍየል ወይም የበግ ቆዳ ተወጥሮና ተፍቆ ብራና ይሆናል፤ መስመሩ በወስፌ ተወግቶ ይሰመራል፤ ጥቁሩና ቀዩ ቀለም ይበጠበጣል፤ ብርዑ ከመቃ ይቀረጻል። ስሕተትም አይጠፋም ነበር። ሁለት መስመሮች በአንድ ዓይነት ቃል ሲያልቁ ዓይን ከአንደኛው ወደ ሁለተኛው ይዘልና በመካከል ያለው ይቀራል። ያመለጠው ቃል በኋላ በመስመሮች መካከል ወይም በኅዳጉ ላይ በደቃቅ ጽሕፈት ይገባል፤ የተሳሳተው በቢላ ይፋቃል። በጸሎት መጻሕፍት ውስጥ የባለቤቱ ስም በሚገባበት ቦታ አንዳንዴ «እገሌ» ተብሎ ይታለፋል፤ መጽሐፉ እጅ ሲለውጥም የቀድሞው ባለቤት ስም ተፍቆ የአዲሱ ይጻፍበታል። ዛሬ የቤት ሽያጭ ውል ከቆየ ውል ላይ ኮፒ ተደርጎ ሲዘጋጅ በአንደኛው አንቀጽ የቀድሞው ገዢ ስም ተረስቶ የሚቀረው ያ የገልባጭ ድካም አሁንም አብሮን ስላለ ነው። ነገር ግን የብራናው ዘመን ጨርሶ የማያውቀው ስሕተት አለ። ወንጌል ከአንዱ ብራና ወደ ሌላው ሲገለበጥ ማንም ሊያነበው የማይችል የምልክት ክምር ሆኖ አያውቅም። «ሀ» ብሎ ያነበበ ጸሐፊ የእጁ አጣጣል ከቀዳሚው ቢለይም «ሀ» ብሎ ይጽፋል። በምንጩና በቅጂው መካከል የሚያነብ ሰው ስለ ተቀመጠ ፊደሉ ራሱ ይሻገር ነበር፤ ከጸሐፊ ጸሐፊ የሚለያየው መልኩ ብቻ ነው።

በዚሁ ወሎ ጎን ለጎን የኖረ የሙስሊሞች የመገልበጥ ባህልም አለ። በጀማ ንጉሥ በሼህ ሙሐመድ ሻፊ የተመሠረተው ማዕከል፣ በኮምቦልቻ አቅራቢያ ያለው ገታ፣ እንዲሁም በሰሜን በኩል ዳና የደረሶች (የሃይማኖት ተማሪዎች) እና የኪታቦች ቦታ ነበሩ። ታሪክ ጸሐፊው ሁሴን አሕመድ እ.ኤ.አ. በ2001 ባሳተሙት የ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የወሎ እስልምና ጥናት የእነዚህን ማዕከላት ድርሻ በሰፊው አሳይተዋል። ደረሳው ከሼሁ ዘንድ የሚቀራውን ኪታብ በእጁ ይገለብጣል፤ ገጾቹ እንዳይዘባረቁም በእስላማዊው የመጽሐፍ ባህል እንደ ተለመደው የሚቀጥለው ገጽ የመጀመሪያ ቃል በገጹ ግርጌ ይጻፋል። ከዐረብኛው ሌላ አማርኛ መንዙማ በዐረብኛ ፊደል ይጻፍ ነበር፤ ሼህ ጦልሃ ጃዕፈር በዚህ አጻጻፍ ከሚታወቁት አንዱ ናቸው። በዐረብኛ ፊደል የሌሉ የአማርኛ ድምፆችን ለመጻፍ በነባሮቹ ሆሄያት ላይ ነጥብ እየተጨመረ አዲስ ምልክት ይበጅላቸዋል። ስለዚህ አንድ የአማርኛ ቃል በወሎ በሁለት ፊደል ሲገለበጥ ኖሯል፤ በሁለቱም ግን ቃሉ ሳይሰበር ደርሷል። የክርስቲያኑ ቁም ጸሐፊም ሆነ የሙስሊሙ ደረሳ ለመገልበጥ መጀመሪያ ማንበብ ነበረበት። በኋላ የመጡት መሣሪያዎች ቅጂን ከንባብ ሲለያዩ የጎደለው ይህ ነው።

የመጀመሪያው መለያየት የመጣው በጽሕፈት መኪና ነው። የላቲኑ የጽሕፈት መኪና ለ26 ፊደል የተሠራ ሲሆን የእኛ ፊደል 33 ሆሄያት በ7 ድምፅ ተባዝተው ብቻ 231 ይሆናሉ፤ ዲቃሎቹ፣ ቁጥሮቹና ሥርዓተ ነጥቦቹ ሲጨመሩ ከ300 ያልፋሉ። ይህን ሁሉ በአርባ ምናምን ቁልፍ ላይ ማስፈር አይቻልም። ኢንጂነር አያና ብሩ ከኢጣሊያ ወረራ በፊት ጀምሮ የደከሙበት የአማርኛ የጽሕፈት መኪና መፍትሔ ያደረገው ሆሄውንና የድምፅ ቅጥያውን ለየብቻ እየመቱ ማጣመርን ነው፤ ኋላ በየመሥሪያ ቤቱ የተሠራጩት የኦሊቬቲ መኪናዎችም በዚሁ መንገድ ሄደዋል። የፊደሉ ውበት ተጎዳ፤ ቅጥያው ከሆሄው ራቅ ወይም ዝቅ ብሎ ይታይ ነበር። ደሴ የወሎ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ በነበረችበት ዘመን የመንግሥቱ ደብዳቤ፣ የፍርድ ቤቱ ውሳኔና የትምህርት ቤቱ ሪፖርት በዚህ መኪና ተጽፎ በካርቦን ወረቀት ተገልብጧል። ካርቦኑ አያነብም፤ የሚገለብጠው መልክን ብቻ ነው። ቢሆንም መልኩ ከተጻፈበት ወረቀት ላይ ተነሥቶ ወደ ሌላ መሣሪያ ስለማይሄድ ችግሩ አልታየም። በወረቀት ላይ መልኩ ካለ ፊደሉ አለ። መልክና ፊደል ሊለያዩ የሚችሉት ጽሑፍ ወረቀቱን ለቆ ወደ ኮምፒውተር ሲገባ ነው።

ኮፒና ፔስት የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አጋማሽ በካሊፎርኒያ በሚገኘው የዜሮክስ ኩባንያ የምርምር ማዕከል ነው። ላሪ ቴስለርና ቲም ሞት ጂፕሲ የተባለውን የጽሕፈት ፕሮግራም ሲሠሩ፣ የመጽሐፍ አዘጋጆች ጽሑፍን በመቀስ እየቆረጡ በሙጫ ሌላ ገጽ ላይ የሚለጥፉበትን ልማድ ወደ ኮምፒውተር አስገቡት። አፕል እ.ኤ.አ. በ1983 ሊዛ በተባለው ኮምፒውተሩ ሲቀበለው ዘዴው ወደ ገበያ ወጣ፤ ከዚያ ወዲህ ያለ ኮፒና ፔስት የሚሠራ የጽሕፈት ፕሮግራም የለም ማለት ይቻላል። ከዚያው ከዜሮክስ ሌላ ሐሳብም ወጣ። ጆ ቤከር እ.ኤ.አ. በ1988 የዓለም ፊደላት ሁሉ በአንድ የቁጥር ሥርዓት ውስጥ የየራሳቸው መለያ እንዲኖራቸው የሚጠይቅ ሰነድ ጻፈ፤ ዩኒኮድ ያልነው ከዚህ ያደገ ነው። ሁለቱ ሐሳቦች አንዱ ያለ ሌላው ሙሉ አይደሉም። ጽሑፍን ከቦታ ወደ ቦታ ማዘዋወር የሚበጀው የሚዘዋወረው ነገር በደረሰበት ሁሉ አንድ ትርጉም ሲኖረው ነው። ለእንግሊዝኛ ተናጋሪው ሁለቱ ከመጀመሪያው አብረው ነበሩ፤ ፊደሎቹ እ.ኤ.አ. ከ1963 ጀምሮ የተስማሙበት የመለያ ቁጥር ነበራቸውና። ለአማርኛ ግን ቆርጦ መለጠፉ በ1980ዎቹ ደርሶ መለያው እስከ 1999 ዘገየ። የደሴና የኮምቦልቻ ጽሕፈት ቤቶች ጣጣ የተዘራው በዚህ የጊዜ ክፍተት ውስጥ ነው።

ክፍተቱን የሞሉት ሰዎች ሊመሰገኑ ይገባል። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ፍስሐ አጥላውና ዶክተር አበራ ሞላ በአሜሪካ ሆነው አማርኛን በኮምፒውተር ለመጻፍ ከቀደሙት መካከል ናቸው። ይትና ፍርድይወቅና ዳንኤል ያዕቆብ ደግሞ በ1990ዎቹ አማርኛ በላቲን ፊደል ተጽፎ በኢሜይል የሚላክበትን ሴራ የተባለ ሥርዓት ቀረጹ። በአገር ውስጥ አጋፋሪ፣ ቪዥዋል ግዕዝና ፓወር ግዕዝ መጡና በየመሥሪያ ቤቱ የጽሕፈት መኪናውን ተኩ። እነዚህ ፕሮግራሞች የተሠሩበት ዘመን ኮምፒውተር ለአንድ ፎንት 256 ቦታ ብቻ በሚሰጥበት ጊዜ ነበር፤ ከዚያም ላይ ለኮምፒውተሩ ለራሱ የተያዘው ሲቀነስ የሚቀረው ለፊደላችን አይበቃም። ስለዚህ ሠሪዎቹ የላቲን ፊደሎች በተቀመጡባቸው ቦታዎች ላይ የአማርኛ ሥዕል አስቀመጡ፤ ቦታው ሲያጥርም አንዳንዱ ቁጥሮችንና ምልክቶችን በሌላ ፎንት ለብቻ አኖረ፣ አንዳንዱም እንደ ጽሕፈት መኪናው ሆሄውንና ቅጥያውን አጣመረ። ጸሐፊዋ «በ» ስትተይብ ስክሪኑ «በ» ያሳያል፤ ኮምፒውተሩ ግን በውስጡ የሚይዘው አንድ የላቲን ሆሄ ወይም ምልክት ነው። ሁሉን የሚያስማማ ደረጃ ስላልነበረም እያንዳንዱ ሠሪ የየራሱን አቀማመጥ መረጠ፤ በአንዱ ፎንት «በ» የሆነው ቁጥር በሌላው ሌላ ፊደል ነው።

ኮፒ ሲደረግ የሚሆነውን ከዚህ ተነሥቶ መረዳት ይቻላል። አንድ አንቀጽ ከዎርድ ኮፒ ሲደረግ ኮምፒውተሩ በጊዜያዊ ማኅደሩ ውስጥ ቅጂውን ቢያንስ በሁለት መልክ ያስቀምጣል። አንደኛው የፎንቱን ስም፣ መጠኑንና ቀለሙን የያዘ ነው፤ ሁለተኛው ጌጥ የሌለው ባዶ ጽሑፍ ነው። ተቀባዩ ፕሮግራም የመጀመሪያውን ከወሰደና ፎንቱም በዚያ ኮምፒውተር ላይ ካለ አማርኛው ይታያል። ተቀባዩ ባዶውን ጽሑፍ ብቻ የሚቀበል ከሆነ፣ ወይም ፎንቱ ከሌለ፣ የሥዕሉ ልብስ ይወልቅና ከሥር የነበረው የላቲን ምልክት ይወጣል። እንግዲህ የተበላሸ ነገር የለም፤ ድሮም እዚያ የነበረው ያ ነው። የደብዳቤው አማርኛነት በፎንቱ ስም ላይ ብቻ ተንጠልጥሎ ነበርና ስሙ ሲቀር አብሮት ቀረ። ከዚህ የተነሣ በአሮጌ ፎንት የተጻፈ ፋይል ውስጥ ቃል መፈለግ፣ ስሞችን በፊደል ተራ መደርደር፣ ሁለት የስም ዝርዝሮችን ማስተያየት በአግባቡ አይቻልም። ኮምፒውተሩ የሚያውቀው የላቲን ምልክቶችን ብቻ ስለሆነ በእነሱ ተራ ይደረድራል። ፒዲኤፍ የሆነው ሰነድም ከዚህ አያመልጥም፤ በአሮጌ ፎንት ተዘጋጅቶ የተለወጠ አዋጅ ወይም መጽሔት ለዓይን ያማረ ቢሆንም አንድ መስመር ቢቀዳለት የሚሰጠው ያንኑ ምልክት ነው።

እዚህ ላይ ሦስት ተቃውሞዎች ይነሣሉ። አንደኛው ጥፋቱን በጸሐፊዎች ላይ ይጥላል፦ ሥልጠና ቢያገኙና ቢጠነቀቁ ችግሩ አይኖርም ይላል። ማስረጃው ግን ይህን አይደግፍም። ያችው ጸሐፊ፣ በዚያው ጣት፣ በዚያው ቁልፍ የጻፈችው ጽሑፍ በአንዱ ኮምፒውተር አማርኛ፣ በሌላው ትርጉም የሌለው ምልክት ከሆነ ልዩነቱ ያለው ከኮምፒውተሮቹ እንጂ ከእሷ አይደለም። እንዲያውም የጽሕፈት ቤት ሠራተኞች ችግሩን ተሸክመው ያኖሩት በሙያቸው ነው፤ የፋይሉን ምልክት አይተው የየትኛው ፎንት እንደሆነ የሚለዩ፣ አምስትና ስድስት ፎንት ጭነው የሚጠባበቁ፣ አልሆን ሲል ከወረቀቱ እያነበቡ የሚተይቡ እነሱ ናቸው። ይህ የመጨረሻው ሥራ ደግሞ የሐይቁ ቁም ጸሐፊ ሥራ ነው፤ በምንጩና በቅጂው መካከል አንባቢ ሆኖ መቆም። ሁለተኛው ተቃውሞ በተቃራኒው ሠሪዎቹን ይከሳል፦ እርስ በርስ ሳይስማሙ፣ እያንዳንዱ ለገበያው ብሎ የየራሱን አቀማመጥ ይዞ ቆየ ይላል። በዚህ ውስጥ እውነት አለ፤ ገዢውን በአንድ ምርት ያሠረ አሠራር ነበርና። ግን የሚስማሙበት ዓለም አቀፍ ደረጃ ባልነበረበት ዘመን አማርኛ በኮምፒውተር እንዲጻፍ ያደረጉት እነሱ ናቸው፤ እነሱ ባይኖሩ የ1980ዎቹና የ1990ዎቹ የአማርኛ ጽሑፍ በኮምፒውተር ጨርሶ ባልኖረ ነበር።

ሦስተኛው ተቃውሞ ጠንካራው ነው፤ ነገሩ ድሮ ተፈቷል ይላል። እርግጥ ነው፣ እ.ኤ.አ. በመስከረም 1999 የወጣው ዩኒኮድ 3.0 ለፊደላችን ከ340 በላይ መለያዎችን ሰጠ። «ሀ» በየትኛውም ኮምፒውተር፣ በየትኛውም ፎንት አንድ ቁጥር አላት፤ ፎንቱ ቢለወጥ መልኳ ይለወጥ እንጂ «ሀ»ነቷ አይጠፋም። ለሌሎች የኢትዮጵያና የኤርትራ ቋንቋዎች የሚያስፈልጉ ፊደላትም እ.ኤ.አ. በ2005፣ በ2010 እና በ2021 ተጨመሩ። እ.ኤ.አ. በ2007 ለገበያ የቀረበው ዊንዶውስ ቪስታ ኒያላ የተባለውን የአማርኛ ፎንት ይዞ መጣ፤ እነ ፓወር ግዕዝና ቪዥዋል ግዕዝም ዩኒኮድን ተቀበሉ። ዛሬ ከቴሌግራም ወደ ዎርድ የተቀዳ አማርኛ ፊደሉ ሳይሰበር ይደርሳል፤ ቢበዛ ፎንቱ ወደ ኒያላ ወይም ወደ ኤብሪማ ይለወጥና የመስመሩ ርቀት ይዛባል፣ ይህም በጥቂት ጥረት ይስተካከላል። ሆኖም መፍትሔው የሚሠራው ለሚጠቀምበት ሰው ብቻ ነው። ማተሚያ ቤቶች ፔጅሜከርን በመሰሉ አሮጌ የገጽ ማዘጋጃ ፕሮግራሞች ይሠሩ ስለነበርና እነዚህ ዩኒኮድን ስለማይቀበሉ፣ ጽሑፍ በአሮጌው ፎንት እንዲመጣላቸው ለረጅም ዘመን ጠይቀዋል። ከዩኒኮድ በፊት የተጻፈው የዓመታት ፋይልም ዩኒኮድ ስለመጣ ብቻ ራሱን አይለውጥም። ያለ ፎንቱ የማይነበብ ሆኖ በየአሮጌ ኮምፒውተሩና በየሲዲው ውስጥ ተቀምጧል።

መልክን ከፊደል የማስቀደም ልማድም በዩኒኮድ ውስጥ ገብቶ ይኖራል። በየዕለቱ የምናየው ምሳሌ አራት ነጥብ ነው። «።» የራሱ መለያ ያለው አንድ ምልክት ሆኖ ሳለ ብዙ ጸሐፊ ሁለት ነጥብን ሁለት ጊዜ መትቶ «፡፡» ይጽፋል፤ ይባስ ብሎ የላቲኑን ሁለት ነጥብ የሚደግምም አለ። ለዓይን ሦስቱም አንድ ናቸው፤ ለኮምፒውተሩ ግን ሦስት የተለያዩ ነገሮች ስለሆኑ «።»ን የሚጠብቅ ፕሮግራም ዓረፍተ ነገሩ የት እንዳለቀ አያውቅም፣ ፍለጋውም ግማሹን ያልፈዋል። በወሎ ደግሞ ሌላ ችግር ይታከላል። ዐረብኛና አማርኛ በአንድ ገጽ ላይ የሚገናኙበት የመንዙማና የኪታብ ጥናት ሲዘጋጅ አንዱ ፊደል ከቀኝ ወደ ግራ፣ ሌላው ከግራ ወደ ቀኝ ይሄዳል። የአንቀጹ አቅጣጫ በትክክል ካልተወሰነ ፔስት የተደረገው ዐረብኛ ቅንፉና ቁጥሩ ቦታ ይለዋወጡበታል። ይህን ሁሉ እንደ ተራ የቴክኒክ ነገር አድርጎ ማየት ስሕተት ነው። የጀማ ንጉሥንና የሐይቅን ታሪክ የሚያጠና ሰው ሥራው ሌላ አንባቢ ዘንድ ሳይዛባ የሚደርሰው መለያውን ጠብቆ ከጻፈ ነው።

አንዳንዶች ደግሞ ፎቶ ማንሣት ወይም ስካን ማድረግ ይበቃል ይላሉ። ለዚህ ክርክር ጥሩ መፈተኛ የሚሆነው የሐይቁ ወንጌል ራሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የተጀመረው የኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍት ማይክሮፊልም ሥራ ወደ ሐይቅም ደርሶ መጽሐፉን በ1832 ቁጥር መዝግቦታል፤ ቅጂውም በአሜሪካ ሚኒሶታ ይገኛል። በዚህ ሥራ ወደ 9,000 የሚጠጉ መጻሕፍት በፊልም ተነሥተዋል፤ ያለዚያ ሥራ ብዙ ነገር ባጣን ነበር። ግን ፊልሙ ለተመራማሪ የተከፈተው እነ ሊቁ ጌታቸው ኃይሌ ዓመታት ወስደው መጻሕፍቱን እያነበቡ በዝርዝር ካታሎግ ውስጥ ይዘታቸውን ከጻፉ በኋላ ነው። ሥዕል መልክን ያድናል፤ የቀለሙን ዓይነት፣ የፋቂውን ቢላ ምልክት፣ የኅዳጉን እርማት ያሳያል። ስም ፈልጎ ማግኘት፣ አንድን ውሳኔ ከሌላው ጋር ማስተያየት፣ አንቀጽ አውጥቶ መጥቀስ የሚቻለው ግን የሚያነብ ሰው ሥዕሉን ወደ ፊደል ሲመልሰው ነው። ስለዚህ ሥዕልና ፊደል አንዱ የሌላው ምትክ ሊሆን አይችልም፤ ሰነድ ዳነ የሚባለው ሁለቱም ሲኖሩ ነው።

ይህ ጉዳይ ለደሴና ለኮምቦልቻ ከሌላው ከተማ ይልቅ የሚያስቸኩልበት ምክንያት አለ። በሰሜኑ ጦርነት ወቅት፣ በጥቅምት 2014 ዓ.ም.፣ ሁለቱ ከተሞች በሕወሓት ኃይሎች እጅ ገብተው እስከ ኅዳር መገባደጃ ቆዩ። በዚያ ጊዜ የወሎ ዩኒቨርሲቲ ግቢዎች፣ የደሴ ሆስፒታልና ሌሎች ተቋማት ንብረታቸው ተዘርፎና ወድሞ መገኘቱ በይፋ ተዘግቧል፤ ከንብረቱ ጋር ኮምፒውተር፣ ከኮምፒውተሩም ጋር ሰነድ ሄዷል። ከእንዲህ ያለ ጥፋት የሚተርፈው ቅጂው ሌላ ቦታ የተቀመጠና ቅጂውም የሚነበብ ሰነድ ብቻ ነው። የመጀመሪያውን ሁሉም ይረዳዋል፤ ሁለተኛው ይረሳል። ባለቤቱ በጠፋ ፎንት የተጻፈ ፋይል በሌላ ከተማ በደኅና ቢቀመጥም ለባለጉዳዩ የሚጠቅመው ጥቂት ነው፤ የይዞታ ማረጋገጫ የሚፈልገው ሰው፣ ውጤቱን የሚጠይቀው ተማሪ፣ ውሳኔውን የሚያስገለብጠው ተከራካሪ የሚደርሰው የምልክት ክምር ነውና።

ስለዚህ መደረግ ያለበት ግልጽ ነው። የየከተማው መሥሪያ ቤቶች፣ ፍርድ ቤቶች፣ ትምህርት ቤቶችና ማተሚያ ቤቶች ከእንግዲህ በዩኒኮድ ያልተጻፈ አዲስ ሰነድ መቀበል የለባቸውም፤ አራት ነጥቡም፣ ቁጥሩም፣ ስሙም በትክክለኛው መለያ ይጻፍ። በአሮጌ ፎንት የተጻፈው ፋይል ወደ ዩኒኮድ ይለወጥ፤ ለዚህ የሚረዱ ፕሮግራሞች አሉ፣ የተለወጠውም ከታተመው ወረቀት ጋር በሰው ዓይን ይታረም። ከእያንዳንዱ ሰነድ አንድ የስካን ሥዕልና አንድ የዩኒኮድ ፋይል ይኑር፤ ሁለቱም ከከተማው ውጭ በሌላ ቦታ ይቀመጡ። የወሎ ዩኒቨርሲቲ በደሴም በኮምቦልቻም ግቢ ስላለው ተማሪዎቹን በዚህ ሥራ ቢያሰማራ ለትምህርቱም ለአካባቢውም ይበጃል። ሥራው አዲስ ግኝት አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው አንባቢ ነው። እነዚያን አሮጌ ፎንቶች በእጃቸው የሚያውቁ፣ የተዛባውን ምልክት አይተው የትኛው ፊደል እንደሆነ የሚናገሩ የጽሕፈት ሠራተኞች ገና በሥራ ላይ ናቸው። እነሱ ጡረታ ከወጡ በኋላ ያንን ፋይል ለማንበብ የሚችል ሰው ማግኘት ከባድ ይሆናል፤ ስለዚህ ሥራው እነሱን ይዞ፣ ሙያቸውንም በሚገባው ክፍያ አክብሮ አሁኑኑ ሊጀመር ይገባል።